ከብርቱካኑ ሥር አረንጓዴ

ዲሴምበር 4፣ ሰኞ

የጠዋት ቆጠራ፦ ለብርቱካን ሦስት መኪና፣ ለአረንጓዴ ሁለት፣ ጥቁር አንድ፣ እሱም የሰርግ። ብርቱካን ቀለም አሥራ አንድ ጋሎን አለ። አረንጓዴ አራት ብቻ፤ ከዋና ከተማ ይታዘዝ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ኮምፕሬሰሩ ዝም ሲል ግቢው በሙሉ ዝም ይላል። ረዳቴ ዶኛ ፔትሮኒላ ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳቡ፣ እኔ ይህን ደብተር አወጣሁ። መብራት በሄደ ቁጥር እጽፍበታለሁ ብያለሁ። በእኛ አገር መብራት ደብተሩ ቶሎ ያልቃል።

የከንቲባ ምርጫው ፌብሩዋሪ 18 ነው። ዱሮ ሰው መኪናው ላይ ባንዲራ ያስር ነበር። አሁን መኪናውን ራሱን በፓርቲው ቀለም ያስቀልማል፣ ያውም በእኔ ጎማ ቀለም። ተረጭቶ ይደርቃል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ከጥግ ተይዞ እንደ ሙዝ ይላጣል፤ የዱሮው ቀለም ሳይጫር ከሥሩ ይወጣል። እኛ ግቢ ውስጥ ቀለም አንለውም፣ ቆዳ ነው የምንለው። የፓርቲ ቆዳ የለበሰ መኪና ሰልፍ ሲወጣ ነፃ ቤንዚን ይታደለዋል። ለዚህ ነው በከተማችን በሎስ ኡቬሮስ የመኪና ቀለም ሁለት ብቻ የቀረው።

እኔ ለሁለቱም እረጫለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ የሚመርጥ እጅ የለኝም።

ወንድሜ ሊሳንድሮ ግን ብርቱካን ነው፣ እስከ አጥንቱ። የማዘጋጃ ቤቱን የውሃ ቦቴ ሃያ አራት ዓመት ነድቷል። ብርቱካኖቹ ያኔ ሲያሸንፉ አረንጓዴ የተባለውን ሠራተኛ ሁሉ ጠርገው አስወጡ፤ ሊሳንድሮ ሥራ ያገኘው በዚያ መጥረጊያ ነው። ዘንድሮ መጥረጊያው የሚዞር ይመስለኛል። ጡረታው የሚደርሰው ጁላይ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከተባረረ ሃያ አራቱም ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

እሱ ይስቃል። «ቧንቧው የማይደርስበትን ሰፈር ማን ሊያጠጣው ነው? ሐኪሙ በመርፌ?» ይላል። የአረንጓዴዎቹን ዕጩ ከንቲባ፣ ባለ ፋርማሲውን ዶክተር ሲንትሮንን ማለቱ ነው።

ዲሴምበር 9

ዶን ኤውክሊደስ በምሳ ሰዓት መጡ፣ ሰው በማይኖርበት። የብርቱካኖቹ የቅስቀሳ ኃላፊ ናቸው። ፒክአፓቸውን ብርቱካን አድርጌላቸው ነበር። በሩን ዘጉና ዙሪያውን አዩ።

«ኔሬይዳ፣ የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዲያው ለማወቅ ያህል። ከዚህ ቆዳ ሥር ሌላ ቆዳ ማስቀመጥ ይቻላል?»

«ምን ዓይነት ሌላ?»

«ያው… ሌላ።»

«አረንጓዴ?»

«ቀስ በይ እንጂ!» አሉና ብቻችንን ሆነን እንኳ መስኮቱን አዩ። «ሰው ዣንጥላ የሚገዛው ዝናብ ወዶ ነው?»

እሞክራለሁ አልኳቸው። የሚያሳፍረው እኔን አይደለም።

ዲሴምበር 11

አልሆነም። አረንጓዴ ረጭቼ ካደረቅሁ በኋላ ብርቱካን ደረብኩበት። ስልጠው ሁለቱ አንድ ሆነው ወጡ። ጎማ ጎማን ካገኘ አይለቅም። በአሮጌ በር ላይ አራት ጊዜ ሞከርኩ።

ዲሴምበር 13

ዶኛ ፔትሮኒላ ፈቱት። እኔ ጋ የሚረጭ መኪና መስኮትና መብራት በጋዜጣ መሸፈን ከመጀመራቸው በፊት ሠላሳ ዓመት የወንድ ሸሚዝ ሲሰፉና ሲተኩሱ ኖረዋል። ትናንት የተበላሸውን በር ሲያዩ ቆዩና፣ «ኮሌታን ከኮሌታ ምን ይለየዋል?» አሉኝ።

«ምን?»

«ስታርች ነዋ፣ እቴ።»

የካሳቫ ስታርች በውሃ አቅጥነው በጨርቅ አረንጓዴው ላይ አለበሱት። ሲደርቅ አይታይም። በላዩ ብርቱካኑን አምስት ዙር ረጨሁ። ዛሬ ጠዋት ጥጉን በጥፍሬ አነሳሁት፤ ብርቱካኑ ብቻውን እንደ ካልሲ ወለቀ፣ አረንጓዴው ሳይነካ ቀረ። ሁለታችንም ሳቅን። ዶኛ ፔትሮኒላ አማተቡ።

አንድ ጠንቅ አለው። ቤንዚን የነካው ጎማ ይቀልጣል። ባለ አንድ ቆዳ መኪና ቢንጠባጠብበት ነውር የለውም፤ ያቺን ቦታ በነፃ እደግምለታለሁ። ባለ ሁለት ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ግን ብርቱካኑ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ስታርቹ ቤንዚን ስለማይበግረው ከሥር ያለው አረንጓዴ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ለባለ ሁለት ቆዳ ደንበኛ ሁሉ የምለው፦ ሰልፍ ላይ በጀሪካን የሚታደለውን ቤንዚን አትቀበል፣ ቀድመህ ማደያ ሂድ፣ ክዳኑ ሥር ፎጣ አድርግ።

ዲሴምበር 20

ሊሳንድሮ ኮሮላውን አመጣ። ግራጫ ናት፣ አርጅታለች፣ እሱ ግን እንደ ሙሽራ አጥቦ ነው ያመጣት።

«ብርቱካን አድርጊልኝ። የገረጣ እንዳይሆን። ከጎረቤት ከተማ ከባራኦና ሆነው እንዲያዩኝ።»

«ዘንድሮ እንኳ ብትተወውስ?» አልኩት። «ዝም ብለህ ቦቴህን ንዳ። ጁላይ ሩቅ አይደለም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስፈራ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አዎ። ንብ ስትፈራ።»

«ንብማ ፓርቲ የላትም» አለና ሳቀ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ሄደ። ነገ ማታ እወስዳታለሁ ብሏል።

ዲሴምበር 21

የሊሳንድሮ መኪና አለቀች። መጀመሪያ አረንጓዴ። ስታርች። ከዚያ ብርቱካን፣ ስድስት ዙር።

አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው እምቢ ይላል። አረንጓዴዎቹ ካሸነፉ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሄጄ እልጥለታለሁ፤ ሥራ ሲገባ በአረንጓዴ ይገባል፤ ይጮህብኛል፣ ይሰድበኛል፣ ግን ቦቴው ላይ ይቀመጣል። ብርቱካኖቹ ካሸነፉ ሁለቱንም አንድ ላይ ልጬ እጥላለሁ፣ ሳያውቅ ያልፋል። ከየትኛውም ወገን አይጎዳም። ለእሱ ነው።

ዶኛ ፔትሮኒላ ስታርቹን አቀጥነው ጨርቁን ለእኔ ሰጡኝ፤ ዛሬ ራሳቸው አላለበሱትም። አልተመቸኝም።

ዲሴምበር 26

የገና ዋዜማን እነ ሊሳንድሮ ቤት አሳለፍኩ። የአሳማ ጥብስ፣ ሩዝ በእርግብ አተር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊሳንድሮ እያወጣ መኪናውን ያሳያል። «እህቴ ናት የሠራችው። እዩት፣ ፊታችሁን ታያላችሁ» ይላል። ሚስቱ ኤልቢራ «ከእኔ ይልቅ ኮሮላዋን ያብሳል» አለች።

ጥብሱን ብዙ አልበላሁም። 

ጃንዋሪ 14

ቆጠራ፦ ብርቱካን ሠላሳ አንድ። አረንጓዴ ሃያ ስድስት። ከነዚህ ውስጥ ባለ ሁለት ቆዳ አሥራ ዘጠኝ፣ የሊሳንድሮ ሳይቆጠር። ማስታወቂያ አላወጣሁም፤ ሁሉም በምሳ ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ሁሉም «እንዲያው ለማወቅ ያህል» ነው የሚሉት። አንዱ የአንዱን አያውቅም። ዛሬ ሁለቱ በር ላይ ተገናኙና ስለ መስታወት መጥረጊያ ጎማ አወሩ።

ለአሥራ ዘጠኙም የቤንዚኑን ነገር ነግሬያለሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምልክት አድርጌያለሁ።

ለሃያኛው አልነገርኩም። ምን ብዬ? «ነፃ ቤንዚን አትቀበል» ብለው «ለምን?» ይላል። ሊሳንድሮ ለምን ካለ መልስ ሳያገኝ አይሄድም።

ጃንዋሪ 21

ፓርኩ አጠገብ ሳልፍ እነ ሊሳንድሮ ዶሚኖ ሲጫወቱ ሰማኋቸው። አንዱ፣ «ይሄ ከተማ ቢገለበጥ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም» አለ። ሌላው፣ «ሊሳንድሮን ብትገለብጠው ግን ያው ብርቱካን ነው» አለው። ሊሳንድሮ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አጮኸና «ዝጋ፣ ተጫወት!» አለ። ደስ ብሎታል፤ ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

ነገ እነግረዋለሁ።

ጃንዋሪ 22

ሥራ በዛ። አልነገርኩትም።

ጃንዋሪ 30

አልነገርኩትም። ደግሞስ ቢነገረው ምን ይጠቅማል? ምንም አልሆነ። እስካሁን ማደያ ነው የሚቀዳው፣ ክዳኑንም በጥንቃቄ ነው የሚዘጋው። መኪናውን ይወዳታል።

ፌብሩዋሪ 8

አረንጓዴ ቀለም አለቀ። ሁሉም በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ፈለገ፤ ይህ ለእኔ ከየትኛውም የሕዝብ አስተያየት ጥናት ይበልጣል። ለሊሳንድሮ ያደረግሁት ልክ ነበር።

ፌብሩዋሪ 15፣ ሐሙስ

የብርቱካኖቹ የቅስቀሳ መዝጊያ ሰልፍ ዛሬ ነበር።

 ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ተሰለፉ፣ ስልሳ የሚሆኑ መኪናዎች። እኔና ዶኛ ፔትሮኒላ ማዶ ቆመን ነበር። ሊሳንድሮ ከፊት ሦስተኛ ነው፣ ከጎኑ የዶን ኤውክሊደስ ፒክአፕ። ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ቤንዚን በጀሪካን መታደል ጀመረ። ወደ ሊሳንድሮ ሲሄዱ አየሁና መንገዱን ገባሁበት።

«ሊሳንድሮ! እኔ ጋ ቤንዚን አለ! ተወው!»

«ያንቺ በገንዘብ ነው፣ ይሄ ነፃ ነው!» አለና አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

ብርቱካን ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ አፉ የተቆረጠ የላስቲክ ጠርሙስ ታንኩ አፍ ውስጥ ሰክቶ ገለበጠበት። ጠርሙሱ ተንሸራተተ። ቤንዚኑ በኋላው ፓራፋንጎ ላይ ወረደ። ብርቱካኑ መጀመሪያ ተጨማደደ፤ ከዚያ እንደ ቀለጠ ቅቤ እየተንሸራተተ ጎማው ላይ ወረደ። ሰውዬው ደንግጦ «ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ» እያለ በጨርቅ ጠረገው። በጠረገው ቁጥር ሰፋ። የሁለት እጅ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ እንደ በቀቀን።

ዘፈኑ በማጉያው ይጮሃል። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «አቤት! ለካ እስስት ኖሯል!» አለች። ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ የመጣው ሳቅ አልነበረም።

ኤውክሊደስ ከፒክአፑ ወረደ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ሊሳንድሮ?»

ሊሳንድሮ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ፊቴን አልነበረም ያየው፣ እጄን ነው። ጥፍሬ ሥር ሁልጊዜ ቀለም አለ።

«ኔሬይዳ፣ ያንቺ ሥራ ነው?» አለ ኤውክሊደስ። ሰዎች ዞሩ። ከኋላ አንዱ «ሱቋ እዚህ ቅርብ ነው» ሲል ሰማሁ። ሌላው «እንሂድ» አለ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አለ ሊሳንድሮ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ደንበኛ ያዘዛትን ሠራች። እሷን ተዋት።»

በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ዛሬ ብቻ ነው። እኔ ምንም አላልኩም። የአሥራ ዘጠኝ ሰው ምስጢር ይዤ ነበር፤ ለዚያ ነው። ኤውክሊደስ «ሃያ አራት ዓመት እንጀራ ካበላንህ በኋላ!» ብሎ እግሩ ሥር ተፋ። ይህን ሲል አንድ እጁ ፒክአፑ ኮፈን ላይ ነበር። ከዚያ ብርቱካን ሥር ያለውን አረንጓዴ ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ሊሳንድሮን ከሰልፉ አስወጡት። መኪናውን ወደ ኋላ ሲያሽከረክር ቁጣም ሆነ ችኮላ አልነበረበትም፤ ቦቴውን ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚያዞረው ቀስ ብሎ አዞራት።

ፌብሩዋሪ 16

በር አይከፍትልኝም። ኤልቢራ በመስኮት፣ «ተኝቷል» አለች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሰኞ

አረንጓዴዎቹ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ አሸነፉ።

ጠዋት መንገዱ ሁሉ በብርቱካን ልጣጭ ተሞልቷል። የቆሻሻ በርሜል ላይ፣ የቦይ አፍ ላይ፣ አንዱማ ሙሉ ኮፈን የሚያህል ሽቦ ላይ ተሰቅሏል። ውሻ አንድ ቁራጭ ይዞ ይሮጣል። ዶኛ ፔትሮኒላ፣ «ከተማው እባብ ሆኖ አደረ፣ ቆዳውን ጥሎ» አሉ።

ኤውክሊደስ በአረንጓዴ ፒክአፕ አለፈ። ከእናቷ ሆድ አረንጓዴ ሆና የወጣች ይመስል ክርኑን መስኮቱ ላይ አድርጓል። በእጁ ሰላም አለኝ።

የሊሳንድሮ ኮሮላ ብቻ በሩ ላይ ብርቱካን እንደሆነች ቆማለች፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ያንን ቁስል ይዛ።

ፌብሩዋሪ 20

ዶክተር ሲንትሮን ሱቄ ድረስ መጥተው እጄን ጨበጡኝ።

«ወንድምሽ ጀግና ነው! እዚያ መሃላቸው ተቀምጦ፣ ከላይ ብርቱካን፣ ከውስጥ የኛ! ማን ጠረጠረ? ቦቴው የእሱ ነው በይው። ጁላይ ላይ ጡረታውን እኔ ራሴ እፈርማለሁ።»

እኔ፣ «አመሰግናለሁ ዶክተር» አልኩ።

እንዳሰብኩት ባይሆንም ሠራ። ጡረታው ተረፈ። ዓሣ በኮኮናት ሠርቼ ይዤለት እሄዳለሁ።

ፌብሩዋሪ 22

በሩን ከፈተልኝ። ዓሣውን ተቀበለ፣ አልበላም።

«ቁልፉን መለስኩ» አለኝ።

«የምን ቁልፍ?»

«የቦቴውን።»

«አብደሃል? አምስት ወር እኮ ነው የቀረህ!»

«ቦታውን ለእኔ አይደለም የሰጡት፣ ኔሬይዳ። ከላይ ብርቱካን እየዘፈነ ከሥር አረንጓዴ ሆኖ ለኖረ ሰው ነው የሰጡት። እኔ ያንን ሰውዬ አላውቀውም። በእሱ ስም ደመወዝ አልፈርምም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ ያዘዝኩት አልክ?»

«ሱቅሽን ሊያፈርሱት ነበር።»

 ማራገቢያው ይንጫጫል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ብነግርህ እምቢ ትል ነበር።»

«አዎ» አለ።  እምቢ ማለቱ ራሱ መልስ እንደነበረ እያወቅሁ ለምን ጮህኩበት?

ስወጣ መኪናዋን ልላጥልህ አልኩት። «እንዳትነኪያት» አለ።

ፌብሩዋሪ 23

ኤውክሊደስ በምሳ ሰዓት መጣ። ወንበር አልሰጠሁትም።

«የኔ ልጅ፣ ከተማው ተረጋግቷል። ያለፈው አልፏል። ያንቺ ሥራ የሚኖረው በእጅሽ ብቻ አይደለም፣ በአፍሽም ጭምር ነው።»

«አፌ ምን አደረገዎት?»

«እስካሁን ምንም። ጎበዝ ነሽ።»

ሲወጣ ፒክአፑን አየኋት። የቤንዚን ክዳኗ ሥር ፎጣ ታስሯል። ምክሬን የሰማ ደንበኛ።

ፌብሩዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ቆጠራ የለም። ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ለብሷል።

ቧንቧ የማይደርስበት ላይኛው ሰፈር ወጥቼ ነበር። ቦቴውን ለሌላ ሹፌር ሰጥተውታል፤ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ማዞር አልቻለም፣ ሦስት ቀን ውሃ አልወጣም። ሴቶቹ ባዶ ባልዲ ደርድረው ይጠብቃሉ። አንዷ፣ «እስስቱ ይሻለን ነበር» አለች። ሌላዋ፣ «እስስትም ቢሆን ውሃ ያውቃል፤ የኔ ባል ቀለም አይቀይርም፣ ውሃም አያመጣም» ስትል ሁሉም ሳቁ። ማን እንደሆንኩ ሲያዩ ወደ ባልዲዎቻቸው ዞሩ።

ስመለስ በፓርኩ በኩል አለፍኩ። ዶሚኖ በሦስት ሰው ይጫወታሉ። የአራተኛው ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ ተገልብጠው ተቀምጠዋል። እሱን ለመጥራት አንድ ጎዳና መሻገር ነበር የሚበቃው። ሊሳንድሮ ማዶ፣ የባሕሩ ግንብ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው መንጠቆ ጥሏል። የእሱ ሰባት ድንጋይ ሳይነካ ጨዋታው አለቀ።

ለዶኛ ፔትሮኒላ ነገርኳቸው።

«ብናገር ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ብርቱካን መሆኑን ካወቁ እነ ዶክተር ጁላይን አያሳዩትም።»

«ዝም ብልስ?»

የፕላስተሩን ጥቅል ሲያጠነጥኑ ቆዩ። «ዝም ካልሽ እነሱ ጁላይን ያሳዩታል። እሱን ግን ሰው አያየውም። ቁልፉንም አይወስድም፤ ታውቂዋለሽ። ስታርቹን ያቀጠንኩት እኔ ነኝ፣ እቴ፤ ያን ቀን እጅሽን መያዝ ነበረብኝ።»

«የርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«ማን ጥፋቴ ነው አለሽ? ይዤሽ ቢሆን ነው ያልኩት።»

ፌብሩዋሪ 25፣ እሑድ

መብራት አለ፣ ኮምፕሬሰሩን ግን አልከፈትኩም።

ነጋዴ በመሆኔ ደግሜ አሰብኩት። ብናገር ጡረታው ሊጠፋ ይችላል። ዝም ብል ቁልፉን ስለማይወስድ ጡረታው በእርግጥ ጠፍቷል። ይህን ሳልቆጥር ሦስት ቀን መቀመጤ ይገርመኛል። ስሙን በሚመለከት ያለው ሒሳብ ደግሞ ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር። ሱቁ? ሱቁ የእኔ ነው፤ እሱ አንድ ጊዜ ከፍሎበታል።

አበልጄ ኡርባኖ ጋ ሄድኩ። የሴት ልጁ ክርስትና እናት ነኝ። ጣሪያዋ ላይ አራት ማጉያ የተተከለባት መኪና አለችው፤ በከተማው የሞተ ሰውና የመጣ ሙዝ የሚታወጀው በእሱ ነው።

«ለነገ ጠዋት እፈልግሃለሁ» አልኩት።

«እሺ አበልጄ። ለሞት ነው ለሙዝ?»

«ለሁለቱም አይደለም። የማነበው ነገር አለኝ።»

ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበው።

«ይሄንን ወረቀት፣ ሰው ሲሞት በሚነበበው ዓይነት ድምፅ ላንብበው?»

«አንተ ትነዳለህ። የማነበው እኔ ነኝ።»

«ሊሳንድሮ ያውቃል?»

ያ ጥያቄ እግሬን ያዘው። ሳልጠይቅ ሠርቼለት ነው እዚህ የደረስነው፤ አሁንም ሳልጠይቅ ልሠራለት ነበር። ከኡርባኖ ቤት በቀጥታ ሊሳንድሮ ወዳለበት ወደ ባሕሩ ግንብ ሄድኩ። ወረቀቱን ሰጠሁት። እጁ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ጥጉን ብቻ ይዞ አነበበው።

«እኔ ኔሬይዳ፣ ጎማ ቀለም የምረጨው ነኝ። የወንድሜ የሊሳንድሮ መኪና ሥር ያለውን አረንጓዴ የረጨሁት እሱ ሳያዝና ሳያውቅ ነው። አዝዣታለሁ ያለው እኔን ሊያድን ነው። እሱ የለበሰው አንድ ቀለም ብቻ ነው። እስስት ማለት የፈለገ እኔን ይበል። ሱቄ ክፍት ነው።»

«የሌሎቹን አልጻፍሽም» አለ።

«የነሱ ቆዳ የነሱ ነው።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ መለሰልኝ፣ ከዚያ መንጠቆውን ጠቀለለ።

«ላይኛው ሰፈር ዳገቱ ላይ ኡርባኖ በሁለተኛ ማርሽ እንዳይገባ ንገሪው» አለኝ። «ትንሿ ድልድይ ጋ ሲደርስ ወደ አንደኛ ያውርድ።»

ነገ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ኡርባኖ ቤት። ከላይኛው ሰፈር መጀመር፣ ከዚያ ፓርኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የባሕሩ ዳርቻ። የድልድዩን ነገር ለኡርባኖ መንገር። ሁለት ጀሪካን ውሃ ለሴቶቹ መጫን።